ለታመመው ልጅ ለጋሽ የሚሆን ታናሽ መውለድ፦ አማራጮቹ ሲነጻጸሩ

አንድ ልጃቸው እንደ ታላሴሚያ፣ ሲክል ሴል ወይም ፋንኮኒ አኒሚያ ባለ በዘር በሚተላለፍ የደም ሕመም የታመመባቸው ወላጆች ከሐኪም ጋር ሲመክሩ፣ ይዋል ይደር እንጂ «ሌላ ልጅ ለመውለድ አስባችኋል?» የሚል ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። ጥያቄው ቀለል ያለ ቢመስልም በውስጡ ከባድ ሐሳብ አለ። በሚወለደው ልጅ የእትብት ደም ወይም የአጥንት መቅኔ ውስጥ ያሉት ደም ሠሪ ሕዋሳት ለታላቁ ተተክለው ሊያድኑት ይችላሉ፤ ይህም እንዲሆን ገና ሽል ሳለ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ከታማሚው ጋር የሚስማማው ብቻ ወደ ማህፀን እንዲገባ ማድረግ ይቻላል። ይህ መመሪያ በዚህ ውሳኔ ፊት ለቆሙ ወላጆች የተጻፈ ሲሆን፣ ሽልን መምረጥ ከሌሎቹ የሕክምና መንገዶች ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያስከፍል ይመረምራል። መመዘኛዎቹ ሦስት ናቸው፦ የመዳን ዕድሉ፣ የሚወስደው ጊዜ፣ እንዲሁም ሳይጠየቅ ጉዳዩ ውስጥ በሚገባው ሰው ላይ የሚጭነው ሸክም። ለሦስተኛው የበለጠ ቦታ የሰጠሁት ሆን ብዬ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሐኪሞች በቁጥር ያስረዷችኋል፣ ሦስተኛውን ግን ወላጆች ራሳቸው ካላነሡት የሚያነሣላቸው ላይኖር ይችላል።

መስማማት ሲባል የደም ዓይነት መመሳሰል ማለት አይደለም። የሰውነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት የራሱን ሕዋስ ከባዕዱ የሚለየው ኤች ኤል ኤ በሚባሉ፣ በሕዋሳት ገጽ ላይ በሚገኙ መለያዎች ነው። እነዚህን መለያዎች የሚወስኑት ዘረ-መሎች በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ተቀራርበው ስለሚገኙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነጣጠሉ አንዱ ጥቅል ከአባት፣ ሌላው ጥቅል ከእናት ይወረሳል። ስለዚህ ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ሁለት ልጆች ሙሉ በሙሉ የመስማማት ዕድላቸው ከ4 አንድ ሲሆን፣ አባትም ሆነ እናት ከልጃቸው ጋር ቢያንስ በግማሽ ይስማማሉ።

አዲስ ሰው የማይጠይቁ መንገዶች

ማንኛውም ንጽጽር መጀመር ያለበት በቤት ውስጥ ካሉት ልጆች ነው። የሚስማማ ወንድም ወይም እህት ካለ ውጤቱ እጅግ ጥሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና ከወንድም ወይም ከእህት ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውን 1,000 የሲክል ሴል ታማሚዎች የመረመረ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ከ5 ዓመት በኋላ 92.9 በመቶው በሕይወት እንዳሉ አሳይቷል። ታናሽ የመውለድ ሐሳብ ይህን ያህል ብርቱ መስህብ ያገኘውም ከዚህ ውጤት የተነሣ ነው።

በቤት ውስጥ ካልተገኘ የሚቀጥለው የለጋሾች መዝገብ ነው። እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት መራራ እውነት አለ። የአሜሪካው ብሔራዊ የመቅኔ ለጋሾች መዝገብ እንደሚያሳውቀው፣ ነጭ ታማሚ ሙሉ በሙሉ የሚስማማ ለጋሽ በመዝገቡ ውስጥ የማግኘት ዕድሉ 79 በመቶ ሲሆን የጥቁር ታማሚ ዕድል 29 በመቶ ብቻ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከተመዝጋቢው ቁጥር ማነስ ብቻ ሳይሆን የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሕዝቦች የዘረ-መል ብዝኃነት ሰፊ ከመሆኑም ጭምር ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከነጭ ጎረቤቱ ይልቅ ቶሎ ወደ ሽል ምርጫ ሐሳብ የሚገፋው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በእስራኤል የለጋሾች መዝገብ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ አለው፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1996 የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ አባላት የለገሱት ደም በድብቅ ይጣል እንደነበረ ሲጋለጥ የደረሰው ቁስል የሚታወስ ነውና፣ «ኑ ተመዝገቡ» የሚል ሁሉ ይህን ታሪክ ሳያውቅ መቅረብ የለበትም። ያም ሆኖ የወንድም ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ የማኅበር አባል ሁሉ ቢመዘገብ የሚጫንበት ሰው የለም፤ አዋቂ ሰው ፈቅዶ የሚሰጠው ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከአባት ወይም ከእናት የሚወሰድ በግማሽ የሚስማማ መቅኔ ነው። በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የዳበሩት ዘዴዎች፣ በተለይም ከንቅለ ተከላው በኋላ በ3ኛውና በ4ኛው ቀን ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት መስጠት፣ በፊት አደገኛ የነበረውን ይህን ንቅለ ተከላ ወደ መደበኛ ሕክምና አቅርበውታል። የተተከለው መቅኔ ያለመያዙ ሥጋት ከሚስማማ ወንድም ወይም እህት ከሚወሰደው ይበልጣል፤ ፋንኮኒ አኒሚያ ያለባቸው ልጆች ደግሞ ሰውነታቸው ለኬሞቴራፒ እጅግ ስስ በመሆኑ የመድኃኒቱ መጠን ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የዛሬ 20 ዓመት የሽል ምርጫን የመረጡ ቤተሰቦች ይህን አማራጭ በዛሬው መልኩ አላገኙትም፤ ስለዚህ የእነርሱን ውሳኔ እንደ አርአያ ከመውሰዳችሁ በፊት «ለግማሽ ስምም ንቅለ ተከላ ልጃችን ይበቃል ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ ይገባችኋል።

አራተኛው የዘረ-መል ሕክምና ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለቤታ ታላሴሚያ ዚንቴግሎ የተባለውን በነሐሴ ወር 2022፣ ለሲክል ሴል ደግሞ ካስጌቪና ሊፍጄኒያ የተባሉትን በታኅሣሥ ወር 2023 እ.ኤ.አ. አጽድቋል። እነዚህ ሕክምናዎች የታማሚውን የራሱን ሕዋስ ወስደው አሻሽለው የሚመልሱ በመሆናቸው ከሌላ ሰው አንዳች አይጠይቁም። ዕንቅፋታቸው ሌላ ነው፦ ካስጌቪና ሊፍጄኒያ ሲጸድቁ የተፈቀዱት ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው፤ በአሜሪካ የተተመነላቸው ዋጋም በቅደም ተከተል 2.2 እና 3.1 ሚሊዮን ዶላር ነው። በእንግሊዝ ካስጌቪ በመንግሥት የጤና አገልግሎት በኩል ለታላሴሚያ በ2024፣ ለሲክል ሴል በ2025 ተፈቅዷል። የ4 ዓመት ልጅ ያላቸውና በመድኃኒት፣ በደም መለወጥና ብረትን ከሰውነት በማስወጣት ሕክምና ልጃቸውን በደህና ማቆየት የሚችሉ ወላጆች፣ «መጠበቅ» ራሱ አንድ አማራጭ መሆኑን ሊዘነጉ አይገባም።

በተፈጥሮ ማርገዝና ዕድልን መጠበቅ

በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1990 አንዲት ሕፃን ተወልዳ ነበር፤ ወላጆቿ በደም ካንሰር ለታመመች ታላቅ እህቷ ለጋሽ እንድትሆን ተስፋ አድርገው እንደጸነሷት በይፋ ተናግረው ነበርና ብዙ ክርክር አስነሣች። በላቦራቶሪ ሽል አልተመረመረም፣ አልተመረጠም፤ ከ4 አንድ የነበረው ዕድል ሰመረ፣ በ1991 መቅኔዋ ለእህቷ ተሰጠ።

ይህ መንገድ ከላቦራቶሪ ነጻ ስለሆነ ብዙዎች ንጹሑ እርሱ ነው ብለው ይመርጡታል። ለደም ካንሰር ያ ሊያስኬድ ይችላል። በዘር ለሚተላለፍ በሽታ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ሁለቱም ወላጆች የበሽታው ተሸካሚ ከሆኑ፣ ከ16 ፅንሶች 3ቱ ጤነኛና የሚስማሙ፣ 9ኙ ጤነኛ ነገር ግን የማይስማሙ፣ 4ቱ ደግሞ ራሳቸው ታማሚ ይሆናሉ። ማለትም ታላቁን ለማዳን የተጸነሰው ልጅ ከሚስማማ ለጋሽነት ይልቅ ታማሚ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። ያን ጊዜ ወይ ሁለት ታማሚ ልጆችን ማሳደግ፣ ወይም በእርግዝናው በ3ኛው ወር ገደማ ናሙና ተወስዶ ከታወቀ በኋላ ማቋረጥ አለማቋረጥ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ሽልን መጣል የከበደው ሰው ይህን መንገድ ከመምረጡ በፊት፣ የሸሸው ጥያቄ ከፍ ባለ መልኩ ተመልሶ ሊጠብቀው እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ሽልን መምረጥ

የእትብት ደም ንቅለ ተከላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው እ.ኤ.አ. በ1988 በፓሪስ በሴንት ሉዊ ሆስፒታል፣ በፕሮፌሰር ኤልያን ግሉክማን መሪነት ለአንድ የፋንኮኒ አኒሚያ ታማሚ ልጅ ከእህቱ እትብት በተወሰደ ደም ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ በኮሎራዶ የተወለደው ሕፃን ሽል ሳለ ከበሽታው ነጻ መሆኑም ከእህቱ ጋር መስማማቱም ተመርምሮ የተመረጠ የመጀመሪያው ልጅ ሆነ። የሽሎቹን ምርመራ ያደረገው የቺካጎው የዩሪ ቨርሊንስኪ ተቋም ሲሆን፣ ንቅለ ተከላው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተከናውኖ ተሳክቷል።

ዜናው በሰፊው ሲወራ የቀረው የሂሳቡ ዝርዝር ነው። በዚያ ቤተሰብ 4 ዙር ሕክምና ተደርጎ 30 ሽሎች ተመርምረዋል፤ ጤነኛና የሚስማሙት 5 ብቻ ነበሩ፣ እርግዝናው ወደ ልደት የደረሰውም በ4ኛው ዙር ነው። ይኸው ተቋም በ2004 ባሳተመው ሌላ ዘገባ፣ በዘር ስለማይተላለፍ ሕመም ለመስማማት ብቻ ከተመረመሩ 199 ሽሎች 45ቱ ተስማምተው፣ 28ቱ ወደ ማህፀን ገብተው፣ 5 ልጆች ተወልደዋል። ከእነዚህ ቁጥሮች በስተጀርባ ያለችው እናት ናት፦ በየዙሩ የሆርሞን መርፌ፣ እንቁላል የማውጣት ሂደት፣ ተስፋና መና መቅረት፤ ያውም ቤት ውስጥ የታመመ ልጅ እያስታመመች። ስለ ሽሎቹ ክብር ብዙ ሲጻፍ ስለ እርሷ ጥቂት መጻፉ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጊዜውም መታሰብ አለበት። ከመጀመሪያው መርፌ እስከ እትብት ደም ድረስ ነገሩ ሁሉ ቢሰምር እንኳ ከአንድ ዓመት ይበልጣል። ስለዚህ ይህ መንገድ ለታላሴሚያና ለሲክል ሴል የሚስማማ ሲሆን፣ ተመልሶ ላገረሸ ብርቱ የደም ካንሰር ግን የሚደርስ አይደለም፤ በዚያ ሁኔታ ይህን የሚያቀርብላችሁ ክሊኒክ ቢኖር ሌላ አስተያየት ጠይቁ።

ሁለት ቤተሰቦች፣ ሁለት መልሶች

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ በግልጽ የታየው በብሪታንያ ነው። የአገሪቱ የሰው ልጅ ፅንሰትና የሽል ሳይንስ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2001 ልጃቸው በቤታ ታላሴሚያ ለታመመባቸው ወላጆች ምርጫውን በመርህ ደረጃ ፈቀደ፤ በ2002 ደግሞ ልጃቸው ዳይመንድ ብላክፋን አኒሚያ በሚባል ሕመም ለታመመባቸው ሌሎች ወላጆች ከለከለ። የሁለተኛው ልጅ ሕመም ከወላጆቹ የተወረሰ አልነበረም። በመጀመሪያው ጉዳይ ሽሉ የሚመረመረው ለራሱም ጤና ሲባል ነው፣ መስማማቱም አብሮ ይታያል፤ በሁለተኛው ግን ሕዋስ የሚወሰድበት ለሌላ ሰው ጥቅም ብቻ ነው የሚል ነበር መከራከሪያው። የተከለከሉት ወላጆች ወደ ቺካጎ ሄደው ሕክምናውን አግኝተው በ2003 ልጃቸው ተወለደ። ባለሥልጣኑ በ2004 አቋሙን ለወጠ፤ የመጀመሪያው ፈቃድ በፍርድ ቤት ተከራክሮበት በሚያዝያ ወር 2005 በወቅቱ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ሕጋዊ ነው ሲል ወሰነ። በ2008 የተሻሻለው ሕግም ምርጫውን ለከባድ ሕመምና ለእትብት ደም፣ ለመቅኔ ወይም ለሌላ ሕብረ ሕዋስ ፈቅዶ፣ እንደ ኩላሊት ያለ ሙሉ የአካል ክፍል ለማግኘት ግን እንዳይውል ከልክሏል። ጀርመን ለመስማማት ብቻ ሽልን መምረጥ አትፈቅድም፤ በአሜሪካ የሚከለክል የፌደራል ሕግ የለም፣ የሚወስኑት ክሊኒኮቹ ናቸው።

የ2002ቱ ልዩነት በወረቀት ላይ የጸዳ ቢመስልም እኔን አላሳመነኝም። ለተወለደው ልጅ ሕይወት ለውጥ የሚያመጣው ሽል ሳለ ለምን እንደተመረመረ አይደለም፤ ከተወለደ በኋላ ምን እንደሚጠየቅ ነው።

ለዚህ ከራሳችን ባህል የምንማረው አለ። ታላቁ የሞተበት ሕፃን ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ፣ ተካልኝ ተብሎ ሲጠራ ኖሯል። ልጁ ከመወለዱ በፊት ሥራ ተሰጥቶታል፤ የወላጆቹን ሐዘን ሊሽር፣ የሌላውን ቦታ ሊተካ። ይህን ስም የተሸከሙ ሰዎች እንደ መሣሪያ ተቆጥረው ነበር የሚል ግን የለም፤ ብዙዎቹ በእጥፍ የተወደዱ ነበሩ። «ልጅ ለራሱ ብቻ ተፈልጎ መወለድ አለበት» የሚለው ክርክር በዚህ ሚዛን ሲታይ የሰውን ልጅ ያልሆነውን አድርጎ የሚያስብ ነው፤ ወላጆች ለጧሪ፣ ለስም ማስጠሪያ፣ ለብቸኝነት መድኃኒት ሲወልዱ ኖረዋል። ፈረንሳዮች እንዲህ ያለውን ልጅ «የድርብ ተስፋ ሕፃን» ሲሉት የስፔን ጋዜጦች «የመድኃኒት ሕፃን» ብለውታል፤ ልጁን ወደ የትኛው ስም እንደምታቀርቡት የሚወስነው ደግሞ የእናንተ አያያዝ ነው። ምትኩ ከሚባለው ልጅ ግን ደም አልተወሰደበትም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ከእትብት በኋላ የሚመጣው

የእትብት ደም ከልጁ የሚወስደው ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ችግሩ መጠኑ አንዳንዴ አለመብቃቱ ነው፤ የሚያስፈልገው የሕዋስ ብዛት በታማሚው ክብደት የሚሰላ ስለሆነ ለጎረመሰ ልጅ ላይበቃ ይችላል። በሕንድ ጉጃራት ግዛት በ2020 ለአንድ የታላሴሚያ ታማሚ የተደረገው ንቅለ ተከላ የተከናወነው የእህቱ ክብደት እስኪበቃ ከተጠበቀ በኋላ፣ በ18 ወሯ ከአጥንቷ በተወሰደ መቅኔ ነበር። መቅኔ ሲወሰድ ሙሉ ማደንዘዣ፣ መርፌና የጥቂት ቀን ሕመም አለ። ንቅለ ተከላው ባይይዝ ሁለተኛ ጊዜ ይጠየቅ ይሆናል፤ ከዓመታት በኋላ የታላቁ ኩላሊት ቢደክም ደግሞ የቤተሰቡ ዓይን ወደ ማን እንደሚዞር መገመት አያቅትም።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2010 ባወጣው መመሪያ ሕፃን መቅኔ ሊለግስ የሚችለው የሚተካው የሚስማማ አዋቂ ዘመድ ሲታጣ፣ በሁለቱ መካከል የጠበቀ መልካም ግንኙነት ሲኖር፣ ተቀባዩ የመጠቀሙ ዕድል ሲታይ፣ በለጋሹ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ሲቀነስና የወላጅ ፈቃድ ከልጁ እሺታ ጋር ሲገኝ ብቻ እንደሆነ ያሳስባል፤ ለሕፃኑ ብቻ የሚቆም ተሟጋች እንዲመደብለትም ይመክራል። በእንግሊዝ መፍቀድ የማይችል ሕፃን መቅኔ እንዲሰጥ የሕብረ ሕዋስ ባለሥልጣኑ ማጽደቅ አለበት። ይህ አሠራር በሌለበት አገር ብትታከሙም ለሕፃኑ ሌላ ሐኪም ጠይቁለት፤ የታማሚው ሐኪም የታማሚው ነው።

ገመና አለመግለጥ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው፤ የልጅን ሕመም ከዘመድ ሳይቀር የሚሰውር ቤተሰብ ብዙ ነው። ታናሹ እንዴት እንደተጸነሰ ግን ከእርሱ ሊሰወር አይገባም። ሁሉም የሚያውቀውን በቡና ላይ ከጎረቤት ከሚሰማ፣ በሚገባው ቋንቋ ገና በልጅነቱ ከእናትና ከአባቱ ቢሰማ ይሻላል።

የሚቀሩት ሽሎች

ከ12 ጤነኛ ሽሎች 9ኙ ለወንድማቸው አለመስማማታቸው ብቻ ነው ጥፋታቸው። ከነገሩ ሁሉ እኔን የሚከብደኝ ይህ ነው፤ የታመመውን ሽል ከመተው የተለየ ነውና። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከማህፀን ውጭ የሚደረግን ፅንሰት ከነጭራሹ ትቃወማለች፤ ብዙ የሱኒ ሊቃውንት ደግሞ በጋብቻ ውስጥ በባልና ሚስት ዘር ብቻ ከሆነ ይፈቅዱታል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ከንስሐ አባታቸው ጋር ሲመክሩ ጥያቄውን በደፈናው «ሕክምና ልንወስድ ነው» ብለው ሳይሆን እስከ ሽሎቹ ዕጣ ድረስ ዘርዝረው ቢያቀርቡ፣ የሚያገኙት ምክር ለጥያቄው የሚመጥን ይሆናል። የማይስማሙትን ጤነኛ ሽሎች አቀዝቅዞ አቆይቶ በኋላ ለመውለድ የተስማሙ ባልና ሚስት፣ ሸክሙን ሙሉ በሙሉ ባያነሡትም ብዙ ያቀልሉታል።

የእኔ ቅደም ተከተል እንግዲህ ይህ ነው፦ የተወለዱትን ልጆች ማስመርመር፣ መዝገቡን ማስፈለግ፣ ለግማሽ ስምም ንቅለ ተከላና ለዘረ-መል ሕክምና የልጁን ብቁነት ማረጋገጥ፤ እነዚህ ካልሆኑና ልጁ የዓመት ከመንፈቅ ጊዜ ካለው፣ በዘር ለሚተላለፍ በሽታ ሽልን መምረጥ በተፈጥሮ አርግዞ ዕድልን ከመጠበቅ ይሻላል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከማህፀን ውጭ የሚደረግ ፅንሰት ይሰጣል፤ ይህ ማለት ግን የሽል ምርመራውና ንቅለ ተከላው አብረው በአንድ ቦታ ይገኛሉ ማለት ስላልሆነ፣ የሦስቱም ቦታና ወጪ አስቀድሞ ይጣራ።

የመጀመሪያው መርፌ ከመወጋቱ በፊት ባልና ሚስት ሦስት ነገሮችን ተነጋግረው በጽሑፍ ያስፍሩ። የሚስማማ ሽል ባይገኝ የማይስማማውን ጤነኛ ያስገባሉ ወይ? ለዚህ «አይሆንም» ያለ ሰው የፈለገው ልጅ ነው ወይስ ለጋሽ የሚለውን መልሶ ይመርምር። ታማሚው ከልደቱ በፊት ቢያርፍ እርግዝናው እንዴት ይጠበቃል? ከታናሹ የሚወሰደውስ የት ላይ ይቆማል፦ በእትብት ደም፣ በአንድ ጊዜ መቅኔ ወይስ ከዚያ በኋላ? ለአዋላጆቹም አስቀድሞ ይነገራቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እትብት ከመቆረጡ በፊት ቢያንስ 1 ደቂቃ እንዲቆይ የሚመክረው ደሙ ለሕፃኑ እንዲደርሰው ስለሆነ፣ ብዙ ደም ለመሰብሰብ ሲባል ቶሎ እንዲቆረጥ ከተጠየቀ ከአዲሱ ልጅ ላይ የሚወሰደው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፤ ይህንን ከታናሹ ሐኪም ጋር ሳይመክሩ እሺ አይበሉ።